ጭራው ከምንጩ ሲወጣ

ሜርሜድ ሆኖ መዋኘትን እንጀራቸው ካደረጉ ሴቶች ስሟ ቀድሞ የሚነሣው አኔት ኬለርማን፣ በልጅነቷ እግሮቿ አልታዘዝ ያሏት ልጅ ነበረች። በ1886 በአውስትራሊያ፣ ሲድኒ ተወለደች (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። እግሮቿ እንዲጸኑ ብረት ታስሮላቸው ነበር። ወላጆቿ ውሃ ይረዳት እንደሆነ ብለው ዋና አስጀመሯት፤ ረዳትም። በ1902 በኒው ሳውዝ ዌልስ የሴቶች የዋና ውድድር አሸነፈች። ብዙም ሳይቆይ ሜልቦርን ውስጥ በመስታወት ገንዳ ከዓሦች ጋር እየዋኘች በቀን ሁለት ጊዜ ትርኢት ታሳይ ጀመር። ከወገብ በላይ ሴት፣ ከወገብ በታች ዓሣ ሆና የምትጫወተውን ጨዋታም በዚያው ከተማ ለሕዝብ አቀረበች።

የኬለርማንን ታሪክ የምከታተለው ከሥራዬ የተነሣ ነው። በሰሜን አሜሪካ በአንድ የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ልጆችን ዋና አስተምራለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ ደግሞ ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋናተኞችን እጠብቃለሁ። ከሐበሻ እናቶች ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ስለ አንድ ዕቃ ነው። የዓሣ ቅርፊት የታተመበት ተለጣጭ ጨርቅ ነው፤ ሁለት እግር አንድ ላይ ይገባበታል፤ ጫፉ ላይ መርገጫ ያለው ሰፊ መቅዘፊያ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የልደት ስጦታ ሆኖ ይመጣል። ልጅቱ ለብሳው ገንዳ ስትደርስ ጠባቂዋ "አይቻልም" ትላታለች። እናቲቱም ወደ እኔ ትመጣለች፤ "እህቴ፣ ምን አጠፋች? ዋና ትችላለች እኮ! መጫወቻ አይደለም እንዴ?"

እግር ያስራል ብዬ በአጭሩ መመለስ እችላለሁ። ነገር ግን ይህ መልስ ማንንም አያሳምንም፤ እኔንም አያረካኝም። ይህ ጭራ ከአንድ የሰው ዕድሜ በላይ በሙያተኞች እጅ የኖረ የሥራ ዕቃ ነው። የሚለብሱት ሴቶች ስለ ትንፋሻቸው የሚያውቁት ብዙ ነገር ነበር። ዛሬ በየአገሩ የገንዳ አስተዳዳሪዎችና ወላጆች የሚከራከሩበት ችግር የመጣው ጭራው ከዚያ ዕውቀት ተለይቶ ለብቻው መሸጥ ሲጀምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ኬለርማን በ1905 ከአባቷ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሻገረች። በቴምዝ ወንዝ ረጅም ርቀት ዋኝታ ጋዜጦችን አስደነቀች። እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየውን የባሕር ወሽመጥ ለማቋረጥ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቱንም ጊዜ ሳይሳካላት ቀረ። በ1907 ኒው ዮርክ በሚገኘው በታላቁ ሂፖድሮም መድረክ ላይ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ታየች። ከዚያ ሲኒማው ወሰዳት። በ1911 በተሠራው "ዘ ሜርሜድ" በተባለው አጭር ፊልም፣ በእርግጥ የሚዋኙበትን ጭራ ለብሳ በፊልም የታየች የመጀመሪያዋ ተዋናይ ተባለች። ጭራዎቿን የምትነድፈው ራሷ ነበረች፤ አንዳንዶቹንም በገዛ እጇ ሰፍታቸዋለች።

ሰፊዋም ለባሿም አንድ ሰው መሆኗ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የት እንደሚይዝ፣ የት እንደሚላላ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወልቅ የምታውቀው የራሷ ገላ ነው። ያም ሆኖ አደጋ አልቀረላትም። በ1914 በቤርሙዳ "የኔፕቱን ልጅ" የተባለውን ፊልም ሲሠሩ የመስታወቱ ገንዳ ፈንድቶ እሷንም ዳይሬክተሩን ኸርበርት ብሬነንንም አቆሰላቸው። በ1918 የዋና ማስተማሪያ መጽሐፍ አሳተመች። ጭራ የለበሰችው የዋና ውድድር ካሸነፈች በኋላ እንደሆነ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ከጭራው በፊት ዋናው ነበር።

ይህ ጨዋታ የአንዲት ሴት ተሰጥኦ ከመሆን አልፎ ሥልጠናና ሥርዓት ያለው ሙያ የሆነው ግን ፍሎሪዳ ውስጥ ነው። ከታምፓ ከተማ በስተሰሜን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ሲነዱ ዊኪ ዋቺ የሚባል ምንጭ አለ። ከኖራ ድንጋይ ሥር የሚፈልቅ እጅግ ጥልቅ ምንጭ ነው፤ ውሃው በጋ ከክረምት 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከጥራቱ የተነሣ ከታች ያለው ድንጋይ ይታያል። በ1946 ኒውተን ፔሪ የሚባል ሰው ሲደርስበት ሰው አሮጌ ማቀዝቀዣና የማይሠራ መኪና የሚጥልበት ጉድጓድ ሆኖ ነበር። ፔሪ የአሜሪካን ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ያሠለጠነ ሰው ነው። ምንጩን አስጠረገ። ቀጥሎ ከአየር መጭመቂያ ሞተር ጋር የተያያዘ ቀጭን ጎማ በመጠቀም፣ ሰው ጀርባው ላይ ምንም ሳይሸከም ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበትን ዘዴ እየሞከረ አሻሻለ። ከውሃው ወለል 6 ጫማ ወይም 2 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ፣ 18 ሰው የሚይዝ አዳራሽ በምንጩ ጎን ሠራ። ተመልካቹ ተቀምጦ በመስታወቱ በኩል ወደ ውሃው ሆድ ያያል። ትርኢቱ የተከፈተው ኦክቶበር 13 ቀን 1947 ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዚያ መንገድ የሚያልፈው መኪና ጥቂት ነበር። የሞተር ድምፅ ሲሰማ ትርኢቱን የሚያሳዩት ልጃገረዶች በዋና ልብሳቸው ሮጠው መንገድ ዳር ይቆሙና ሹፌሩን በእጃቸው ይጠሩታል። መኪናው ሲቆም ተመልሰው ምንጩ ውስጥ ይገባሉ፤ ትርኢቱ ይጀመራል። ውሃ ውስጥ ሙዝ ልጠው ይበላሉ፤ ግሬፔት የተባለውን ለስላሳ ከጠርሙሱ ይጠጣሉ፤ የባሌ ዳንስ ይደንሳሉ። በ1959 ኤቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ ቦታውን ገዛው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ተመልካቾችን የሚይዝ አዲስ አዳራሽም ተሠራ። በ1961 ኤልቪስ ፕሬስሊ ሳይቀር መጥቶ አይቷቸዋል። በ1971 ዲዝኒ ወርልድ እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ ሲከፈት የጎብኚው ጎርፍ አቅጣጫ ለወጠ፤ ምንጩ ግን አልተዘጋም። ከ2008 ጀምሮ የፍሎሪዳ ግዛት ፓርክ ሆኖ ትርኢቱ ቀጥሏል።

ተመልካቹ የሚያየው ፈገግታና ጭራ ነው። እኔን የሚገርመኝ በሳንባቸው የሚሠሩት ሥራ ነው። ሴቲቱ ከጎማው ጫፍ አየር ትስባለች፤ ከዚያ ጎማውን ወደ ጎን ትተወዋለች። ሳንባዋን ሙሉ ስታደርግ ገላዋ ወደ ላይ ይነሣል፤ ጥቂት ስትለቅ ይወርዳል። በውሃው መሐል አንድ ቦታ ላይ ተንሳፍፋ እንድትቆም ለዚያ ጥልቀት የሚበቃውን የአየር መጠን በስሜቷ ማወቅ አለባት። መነጽር የላትም፤ ዓይኗን ገልጣ በደበዘዘ እይታ ጓደኞቿንና ጎማውን ትለያለች። ምንጩ ከሥር ስለሚገፋ ሳትታገል ልትቋቋመው ይገባል። ከሁሉ በላይ የማይጣስ አንድ ሕግ አለ፦ በጥልቀት ከጎማ የተሳበ አየር ተይዞ ወደ ላይ አይወጣም። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ የሚገኘው ግፊት ውሃው ወለል ላይ ካለው እጥፍ ነው፤ እዚያ የተሳበ አየር ሲወጡበት እየሰፋ ይሄዳል፤ ትንፋሽ ካልተለቀቀ ሳንባን ይቀድዳል። ስለዚህ እየወጡ ማስተንፈስ ከደመ ነፍስ ጋር እስኪዋሐድ ድረስ ይለማመዱታል። ጭራው እግራቸውን ቢያስረውም አየሩ ከእጃቸው አይርቅም፤ ያንን አየር እንዴት እንደሚጠቀሙበትም ያውቃሉ። በ1997 የትርኢቱ 50ኛ ዓመት ሲከበር የቀድሞዎቹ ሜርሜዶች እናትና አያት ሆነው ተመልሰው ዋኙ፤ ከዚያም በኋላ በየጊዜው ትርኢት ማሳየታቸውን ቀጠሉ። አካል ያረጃል፤ የትንፋሽ ሙያ ግን በአንድ ጊዜ የሚጠፋ አይደለም።

በ1984 "ስፕላሽ" የተባለው ፊልም ሲወጣ ጭራው ከፍሎሪዳ ምንጭ ወደ ዓለም ሁሉ ዓይን ገባ። ተዋናይቷ ዳሪል ሃና በልጅነቷ የአንደርሰንን የሜርሜድ ተረት ወድዳ፣ እግሮቿን አንድ ላይ አስራ የመዋኘት ልማድ ነበራት። ፊልሙ ሲሠራ በጭራዋ በጣም ከመፍጠኗ የተነሣ ለደኅንነቷ የተመደቡት ጠላቂዎች ሊደርሱባት ይቸገሩ ነበር ይባላል። ለደኅንነቷ የተመደቡ ጠላቂዎች ነበሩ፤ ፊልሙን ያየች ልጅ ግን እነሱን አላየቻቸውም። ፊልም ሲባል ረዳቱን ከፍሬሙ ውጭ ያስቀራል። በ1989 የዲዝኒ የሜርሜድ ካርቱን ፊልም መጣ፤ በ2006 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራው፣ ውሃ ሲነካቸው ጭራ የሚያወጡ ሦስት ልጃገረዶች ተከታታይ ድራማ። ከዚያ ወዲህ ልጆች ማየት ብቻ አልበቃቸውም፤ መልበስ ፈለጉ።

ቀድሞ ጭራ ማለት በልክ የሚሠራ፣ ከላቴክስ ወይም ከሲሊኮን የሚቀረጽ፣ ከ10 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል፣ ዋጋውም የሚያስደነግጥ ዕቃ ነበር። ያሠራው ሰው ሙያተኛ ነው፤ ወይም ሙያተኛ ለመሆን የቆረጠ ነው። አዲሱ ጭራ ቀላል ጨርቅ ሆነ፤ በኢንተርኔት ታዝዞ በፖስታ ቤት ይደርሳል። ጫፉ ላይ ያለው መቅዘፊያ ሞኖፊን ይባላል። ሞኖፊን በ1970ዎቹ በሶቭየት ኅብረት ዋናተኞች ዘንድ ለፍጥነት ውድድር የተስፋፋ መሣሪያ ነው፤ ሁለቱን እግር አንድ አድርጎ እንደ ዶልፊን በወገብ ኃይል የሚገፋ። ጠንካራ ዋናተኛ በእሱ ይበርራል። የስድስት ዓመት ልጅ ግን ወገቧ ውስጥ ያ ኃይል ገና አልተፈጠረም።

ክርክሩ ጋዜጣ ላይ የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። በ2015 ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የካናዳዋ ኤድመንተን በከተማዋ ገንዳዎች ጭራውን ከለከለች። በእንግሊዝና በአውስትራሊያም ብዙ ገንዳዎች እንዲሁ አደረጉ። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ኪድሴፍ የተባለው የሕፃናት ደኅንነት ድርጅት ከኢዲት ካዋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ልጆችን በጭራና ያለ ጭራ አዋኝቶ ለካ። መቅዘፊያውን ብቻ ያደረጉት ልጆች የመዋኘት ችሎታቸው በአማካይ 60 በመቶ፣ ሙሉውን ጭራ የለበሱት ደግሞ 70 በመቶ ቀነሰ። ይህ ቁጥር በየቀኑ ከወንበሬ ላይ ሆኜ ከማየው ጋር ይገጥማል።

ትንሽ ልጅ ውሃ ላይ ፊቷን ቀና አድርጋ የምትቆየው እግሮቿን በየተራ እየመታች ነው። ስትደክም በጀርባዋ ትገለበጣለች፤ ወይም እግሯን ወደ ታች ትሰድና ወለሉን ትረግጣለች። ጭራው ሦስቱንም መንገድ ይዘጋል። እግር በየተራ መምታት የለም። መቅዘፊያው ሰፊ ስለሆነ መገልበጥ ይከብዳል። የእግር ጣቶች ወደ ታች ተቀስረው ስለሚያዙ ውስጥ እግርን ወለል ላይ ማሳረፍ አይቻልም፤ ስለዚህ ውሃው ወገቧ ላይ ብቻ የሚደርስ ልጅ ቆማ ፊቷን ልታወጣ አትችልም። "ጥልቀት የሌለው ጋ ናት" የሚለው የወላጅ መጽናኛ እዚህ ላይ አይሠራም።

ሌላው ችግር የጠባቂው ነው፤ ስለዚህኛው ሰው ብዙ ሲናገር አልሰማም። በኒው ዮርክ ብሮንክስ፣ ኦርቻርድ ቢች የሠራው ፍራንክ ፒያ የሚባል የነፍስ አድን ሠራተኛ፣ ሰው ሲሰምጥ እውነተኛውን ሁኔታ በካሜራ ቀርጾ ሙያችንን ለወጠው። የሚሰምጥ ሰው አይጮህም፤ እጁንም አያውለበልብም። ሰውነቱ ውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እጆቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ፤ እግሮቹ አይመቱም። ይህ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ብቻ ይቆያል። እኛ ጠባቂዎች ዓይናችን የሠለጠነው ይህንን ለመፈለግ ነው፤ ከምልክቶቹ አንዱ የማይመታ እግር ነው። ጭራ የለበሰች ልጅ እግሮቿ የታሰሩ ናቸው። ወለሉ ላይ ዝም ብላ ስትተኛ እየተጫወተች ነው? የባሕር ንግሥት ሆና ነው? ወይስ ራሷን ስታለች? ከላይ ሆኖ ለመለየት የሚያስፈልገው ጊዜ ያንን 20 ሰከንድ ይበላዋል።

ራስን ስለመሳትም እናቶች ሁሉ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። የሜርሜድ ጨዋታ ውሃ ሥር የመቆየት ጨዋታ ነው፤ ልጆች ደግሞ ማን ይበልጥ እንደሚቆይ ይወዳደራሉ። ከመጥለቃቸው በፊት ቶሎ ቶሎ በኃይል ይተነፍሳሉ። ተንፍሱ ብሎ የሚያስጨንቀን የኦክስጅን ማነስ አይደለም፤ በደም ውስጥ የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በኃይል የተነፈሰ ሰው እሱን አራግፎታል፤ ስለዚህ ኦክስጅኑ አንሶ ራሱን ሲስት ምንም ጭንቀት ሳይሰማው ነው። ራሱን ስቶ ሳለ ሰውነቱ በራሱ ሲተነፍስ የሚስበው ውሃ ነው። ጎበዝ ዋናተኞችንም ይገድላል። ለዚህ ነው በአንድ ትንፋሽ የሚጠልቁ ሙያተኞች ጥንድ ሆነው የሚሠሩት፤ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ላይ ሆኖ ያየዋል፤ አንድ ላይ አይጠልቁም።

በሌላ ወገን ያሉትን አልንቅም። ፊሊፒንስ፣ ቦራካይ ደሴት ላይ፣ እንዲሁም ሞንትሪያል ውስጥ ሜርሜድ ሆኖ መዋኘትን የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። ፓዲ የተባለው ዓለም አቀፍ የጠላቂዎች ማሠልጠኛ በቅርብ ዓመታት የሜርሜድ ኮርስ ጀምሯል። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ የሚያስተምሩት አተነፋፈስን፣ ጥንድ ሆኖ መዋኘትንና ጭራን ፈጥኖ ማውለቅን ነው። ኬለርማንና የዊኪ ዋቺ ሴቶች ያውቁት የነበረውን ዕውቀት ወደ ጭራው እየመለሱት ነው፤ አከብራቸዋለሁ። ዋና የማይወዱ፣ በውድድር የሚሸማቀቁ ልጃገረዶች በዚህ ጭራ ምክንያት ውሃ ሲወዱም አይቻለሁ። ይህን ደስታ የሚያጣጥል ሰው ልጆችን አላየም።

ወደ እናቲቱ ጥያቄ ስመለስ፣ "ዋና ትችላለች" የሚለው ቃል ላይ እቆማለሁ። ከእኛ ብዙዎቻችን ያደግነው ዋና ሳንማር ነው፤ እኔም የተማርኩት እዚህ መጥቼ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ራሷ የማትዋኝ እናት ልጇ ውሃ ስላልፈራች ትዋኛለች ብላ ታምናለች። የሻጩ ማስጠንቀቂያ ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ይቀራል። ስለዚህ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፦ ልጅሽ ያለ ጭራ 25 ሜትር ሳታርፍ ትዋኝ፤ በጀርባዋ ተንሳፍፋ ትቆይ፤ ጭራ ሳይኖር ሁለት እግሯን ገጥማ በወገቧ ገፍታ ትሂድ። ከዚያ ውሃው ደረቷ ላይ በሚደርስበት ቦታ ጭራውን በገዛ እጇ ማውለቅ ትማር፤ እስክትለምደው ድረስ ደጋግማ ታውልቀው። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድ የሚዋኝ ትልቅ ሰው ገንዳው ዳር ሳይሆን ውሃው ውስጥ፣ እጁ በሚደርስበት ርቀት ይሁን።

ልጆች በሚጨናነቁበት ሰዓት ጭራው መከልከሉን እደግፋለሁ፤ ያንን የማይመታ እግር ከሌላው መቶ እግር መሐል የምፈልገው እኔ ነኝ። ጭራሹን ከልክሎ መተው ግን አይስማማኝም። ከእኛ ገንዳ የተመለሰችው ልጅ ጭራውን ይዛ ወደ ሆቴል ገንዳ ወይም ወደ ዘመድ ጓሮ ትሄዳለች፤ እዚያ ጠባቂ የለም፤ ትልልቆቹም በግብዣው ተጠምደዋል። ገንዳ አስተዳዳሪዎች በሳምንት አንድ ሰዓት ለጭራ ይለዩ፤ የልጆቹ ቁጥር ይወሰን፤ ከላይ የዘረዘርኩትን ፈተና ያለፈች ትግባ፤ ለጥቂት ልጆች አንድ አስተማሪ ውሃው ውስጥ ይመደብ። የአስተማሪው ደመወዝ ወጪ እንደሆነ አውቃለሁ። ያንን ሰዓት ለማስተማር የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እኔ እሆናለሁ።